ፈቃዱ ባሕር ዳር፣ ግድግዳው መካነ ሰላም

«እዚህ ታፔላ ላይ ያለው ሰውዬ ማነው?» አሉ ፎርማኑ፣ በከዘራቸው ጫፍ ሰማያዊውን ሰሌዳ እያመለከቱ።

ሰሌዳው የቆመው በመካነ ሰላም ከተማ ዳርቻ፣ አንደኛ ፎቁ ላይ በቀረ ጅምር ሕንፃ ፊት ለፊት ነው። አሠሪው፣ አማካሪው፣ ሥራ ተቋራጩ፣ ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን በየመስመሩ ተጽፏል። ከተቋራጩ ስም ቀጥሎ «ደረጃ 4» ይላል።

«ሰውዬ አይደለም ጋሼ፤ ድርጅት ነው» አለች መሐንዲሷ።

«ድርጅትስ ቢሆን ሰው የለውም? መሠረቱ ሲቆፈር ነበርሁ፤ አርማታው ሲሞላ ነበርሁ። ወላሂ በዚህ ስም የሚጠራ ፍጡር በዓይኔ አላየሁም። ያየሁት አንድ ልጅ ከደሴ መጣ፤ እሱ ለሌላ ሰጠውና ሄደ፤ ያኛው ደግሞ ለእኔው የእህት ልጅ በካሬ ቆርጦ ሰጠው። ታዲያ ደረጃ 4 የተባለው ማንኛው ነው? ከደሴ የመጣው? የተቀበለው? ወይስ የእህቴ ልጅ?»

መሐንዲሷ ሳቀች እንጂ መልስ አልሰጠችም። ጥያቄው የዋዛ አይደለምና።

ሁለቱን ያስተዋወቃቸው ሥራ ነው። ፎርማኑ ግንበኝነት የጀመሩት በደርግ ዘመን ሲሆን ከቦረና እስከ ለጋምቦ፣ ከወግዲ እስከ ከላላ ጥቁር ድንጋይ ያልጠረቡበት ወረዳ የለም። መሐንዲሷ ሲቪል ምህንድስና አጥንታ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የሳይት መሐንዲስ ሆና ትሠራለች። እሳቸው «ልጄ» ይሏታል፤ እሷ «ጋሼ» እያለች በአንቱታ ታናግራቸዋለች፤ ክርክር ከተነሣ ግን አንዱ ለሌላው የሚመለስ አይደለም። ያን ቀን ፋታ የሰጣቸው የሲሚንቶ መዘግየት ነበር። ጭነቱ ከደሴ ተነሥቶ የጉጉፍቱን ብርድ አልፎ፣ በአቀስታ አድርጎ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ መምጣት አለበት። እስኪደርስ ድረስ ከወሬ በቀር የሚሠራ አልነበረም።

«ደረጃው ከ1 እስከ 10 ነው» አለች ቆይታ። «1 ትልቁ፣ 10 ትንሹ። ዓይነቱ ደግሞ ይለያያል። ሕንፃም መንገድም የሚሠራው ጠቅላላ ሥራ ተቋራጭ ይባላል፤ ሕንፃ ብቻ የሚሠራ አለ፣ መንገድ ብቻ የሚሠራ አለ፣ እንደ ኤሌክትሪክና ቧንቧ ያለውን ልዩ ሥራ የሚይዝም አለ። ጂሲ፣ ቢሲ፣ አርሲ ሲሉ የሚሰሙት ይኼን ነው። ወደ 1 እየተጠጋ በሄደ መጠን የሚወዳደርበት ሥራ ዋጋ ይተልቃል።»

«ወደ ላይ የሚያወጣውስ ምንድን ነው? ጥሩ ግድግዳ?»

«ባለሙያ፣ መሣሪያና ገንዘብ። ይህን ያህል የተመዘገበ መሐንዲስ ቀጥሯል ወይ? ይህን ያህል ገልባጭ፣ ሎደር፣ ሚክሰርና ቫይብሬተር አለው ወይ? ካፒታሉና ያንቀሳቀሰው ሥራ ስንት ነው? ይኸው ነው።»

«ግድግዳው የለበትማ።»

«ግድግዳው የለበትም።»

ከፍ ያሉትን ደረጃዎች የሚመዘግበው አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው፤ ዝቅ ያሉትን የክልል ቢሮዎች። የአማራ ክልል ቢሮ ባሕር ዳር ነው። ከመካነ ሰላም የሚነሣ ባለጉዳይ ዓባይን ተሻግሮ በጉንደወይን በኩል ይሄዳል፤ ወይም በደሴ ዞሮ አገር ያስሳል። ዘርፉን የሚመራው ሚኒስቴር ስም ራሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ተገለባብጧል። በ2008 የኮንስትራክሽን ሚኒስቴር ነበር፤ በ2011 የከተማ ልማትና ኮንስትራክሽን ሆነ፤ ከ2014 ወዲህ የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ነው። ማኅተሙ ሲቀያየር የታችኛው ሥርዓት ብዙም አልተናወጠም። የብቃት ማረጋገጫ ይወጣል፣ በእሱ የንግድ ፈቃድ ይወጣል፣ በሁለቱ ጨረታ ይገባል።

«ባለሙያ ስትይ እኔን ይጨምራል?»

«አንቱን አይቆጥርም። የሚቆጥረው የሙያ ምዝገባ ወረቀት ያለውን መሐንዲስ ነው። እኔን ራሴን ጠይቀውኛል። ‹ዲግሪሽንና የሙያ ምዝገባሽን ብቻ ስጪን፤ ቢሮ አትገቢም፣ ሳይት አትሄጂም፣ በየወሩ ይህን ያህል እንልክልሻለን› አሉኝ። ስሜ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ እኔ የምኖረው ሌላ ከተማ። ከክፍል ጓደኞቼ በዚህ የሚያድሩ አሉ።»

«ማሽኑስ?»

«ማሽኑም እንደዚያው ነው። ሎደር ያለው ሰው ሎደሩን ለሥራ ያከራያል፤ ሊብሬውን ደግሞ ደረጃ ለሚፈልግ ያከራያል። ከአንድ ማሽን ሁለት ኪራይ።»

ፎርማኑ ከት ብለው ሳቁ። «እኔም አንድ መዶሻ አለኝ፤ ጉዱ ሊብሬ የለውም!»

የምስክር ወረቀትና የሊብሬ ኪራይ በዘርፉ ውስጥ ላለ ሰው አዲስ ዜና አይደለም። በየስብሰባው ይነሣል፤ መመሪያ ሲሻሻል ይወገዛል፤ ፈቃድ በሚታደስበት ሰሞን ደግሞ ገበያው ይደራል። ይህ የሚሆነው ሰዎቹ ከሌላው ነጋዴ የከፉ ሆነው አይመስልም። መስፈርቱ የሚጠይቀው በአንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ የሚችል ነገር ነው፤ በአንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነገር ሁሉ ደግሞ ሊከራይ ይችላል። የሠራኸው ትምህርት ቤት ከአምስት ክረምት በኋላ እንዴት ሆነ የሚለው ጥያቄ ግን የሚከራይ መልስ የለውም። ስለዚህ ነው መሰል አይጠየቅም።

ሐቀኛውም በዚሁ መስፈርት ይጎዳል። ጥቅምት 2014 ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ማሽን የተዘረፈበትና የተቃጠለበት ተቋራጭ ነበር። ሙያው አልተቃጠለም፤ ሠራተኞቹም አብዛኞቹ ተመልሰዋል። በመሣሪያ ቆጠራ ግን ወደ ታች የሚንሸራተተው እሱ ነው፤ ሊብሬ ተከራይቶ የሚኖረው ንቅንቅ አይልም።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ» አሉ ፎርማኑ፣ አሁን ሳይስቁ።

ሽማግሌው ደረጃ የሚባለው ነገር ያልነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ፤ ወይም የነበረበትን ግን ለግል ሰው ትርጉም ያልነበረውን። ከ1967ቱ የመውረስ አዋጆች በኋላ ትልልቅ ግንባታ የመንግሥት ድርጅቶች ሥራ ሆነ። የሕንፃ ኮንስትራክሽን ባለሥልጣን፣ እነ ብሉ ናይልና ባቱ ኮንስትራክሽን በያዙት ሥራ ላይ ግንበኛው የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። «ያኔ ሥራ ያንቀላፋ ነበር» ይላሉ፣ «ፎርማኑ ግን ይታወቃል። ጠማማ ግንብ ከቆመ የሚጠራው ስሙ ነው።»

ከ1983 በኋላ የግል ተቋራጭ እንደገና ብቅ አለ። በ1989 የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመርና ገንዘቡ በብዛት ሲፈስ አገር ውስጥ ያለው ተቋራጭ ቁጥሩም አቅሙም ከሥራው በታች ሆኖ ተገኘ። የጎደለውን ለመሙላት መንግሥት ራሱ ተቋራጭ ወደ መፍጠሩ ገባ። 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በጀርመኑ ጂቲዜድ አስተባባሪነት ሲገነቡ ሥራው ለአገር ውስጥ ተቋራጮች በየክፍሉ እየተቆረሰ ተሰጠ፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች ከእነዚያ መካከል ናቸው። በ2003 ደግሞ ዩራፕ መጣ። ቀበሌዎችን ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ከ71 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የታቀደበት ፕሮግራም ሲሆን፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች እየሠለጠኑና እየተደራጁ ተቋራጭና አማካሪ እንዲሆኑ ተደረገ።

«የዩራፕ ልጆች!» አሉ ፎርማኑ። «አንዱ እኔ ጋ መጥቶ ፉካ ቱቦ እንዴት ይቀበራል ብሎ ጠየቀኝ። አሳየሁት። ዛሬ መኪናው ከቤቴ ይበልጣል።»

«ክፉ ነው እንዴ ታዲያ?»

«ክፉ አላልሁም። መጠየቁ ደግ ነው። የማይጠይቀው ነው የገደለን።»

በዚህ ጉዳይ ላይ መሐንዲሷ ከሽማግሌው ይልቅ ለመንግሥት ታደላለች። የደረጃው መሰላል ባይኖር ከዩራፕ የወጣው ልጅ ከቻይናና ከቱርክ ኩባንያ ጋር በአንድ ጨረታ ይሰለፍ ነበር ትላለች። በ2012 የወጣው የኢንቨስትመንት ደንብ ቁጥር 474 ከደረጃ 1 በታች ያለውን የግንባታ ሥራ ለአገር ውስጥ ባለሀብት ብቻ አስቀርቶታል። መሰላሉ ለትንሹ መጠለያም ነው። ይህን ፎርማኑም አይክዱም። የሚክዱት መሰላሉ መካነ ሰላም ድረስ መድረሱን ነው።

«ለፌዴራሉ መንገድ ትልቁ ይመጣል፤ ካምፕ ይሠራል፣ ሮሎውን፣ ግሬደሩን ያግተለትላል። ለጤና ኬላ ግን ማን ይመጣል? ለአራት ክፍል ትምህርት ቤት ማን ጉጉፍቱን ይወጣል?»

መሐንዲሷ ሒሳቡን ታውቀዋለች። ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ የሚመጣ ድርጅት ሲሚንቶና ፌሮ የሚያጓጉዘው ደጋውን አቆራርጦ ነው። በልግ የሚዘንብበት አገር ስለሆነ የቁፋሮው ወራት ከሌላው አካባቢ ያጥራል፤ በሰኔ ክረምቱ ይገባል። ማሽኑ ሥራ ፈቶ የሚቆምበት ቀን ይበዛል። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋም መክሰር አለ። በእነዚህ ሁሉ ላይ ጨረታው በአብዛኛው የሚሄደው ለዝቅተኛ ዋጋ ነው። ትልቁ ድርጅት ይህን አስልቶ ይተወዋል፤ ወይም ስሙን ያስገባና ሰው ይፈልጋል። በ2010 ከተከፈቱት 11 ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ የሆነው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውሊያና በመካነ ሰላም ግቢ ሲያቆም ከተማዋ ውስጥ የግንባታ ፍላጎት ጨመረ፤ የሆቴሉ፣ የኪራይ ቤቱ፣ የሱቁ ፎቅ በየአቅጣጫው ተጀመረ። እጅ ያለው ግንበኛ ግን በአንድ ዓመት አይፈላም።

«100 ብር እንበል» አሉ ፎርማኑ፣ በከዘራቸው አሸዋው ላይ እየጻፉ። «ታፔላው ላይ ያለው ስሙን ስላዋሰ 10 ይቆርጣል። ከደሴ የመጣው ከ90ው ላይ 9 ያነሣል። ሁለተኛው ከ81ዱ ላይ 8 ይቀበላል። የእህቴ ልጅ ጋ ሲደርስ 73 ነው። ጨረታው ደግሞ መጀመሪያውኑ በርካሽ የተያዘ ነው። 27ቱን ማን ይሞላዋል?»

«ሲሚንቶው።»

«ሲሚንቶውና ስታፋው። በ15 ሴንቲ መታሰር ያለበት ስታፋ በ25 ይታሰራል። ከተሞላ በኋላ ማን ያየዋል? ውኃ ማጠጣቱም ይቀራል፤ በበጋ ውኃ በቦቴ ነው፣ ገንዘብ ነው። እዚህ ደግሞ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ አርማታው ቶሎ አይጠናም፤ ካሳፎርማውን ግን በሦስተኛው ቀን ይነቅሉታል፣ ለሌላው ሳይት ስለሚፈለግ።»

ይህ የመቀነስ ሰንሰለት በወረቀት ላይ የለም። ውሉ የሚያውቀው አንድ ተቋራጭ ነው፤ ንዑስ ተቋራጭ ካለም በአሠሪው ፈቃድ መሆን አለበት። ከታች ያሉት ሦስቱ ሰዎች ያላቸው የቃል ስምምነት ነው፤ ካልተከፈላቸው የሚሄዱበት የለም፤ ካበላሹም የሚጠይቃቸው የለም። ደረጃ የሌለው ሰው ሥራውን ይሠራል፣ ሥራ ያልሠራው ሰው ደረጃውን ያሳድጋል፤ ምክንያቱም የተጠናቀቀው ሕንፃ የሚመዘገበው በታፔላው ስም ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበው ይህ ነው። የእህታቸው ልጅ ሃያ ቤት ቢያቆም በመዝገብ ላይ አንድም አላቆመም።

«እሱስ ለምን ፈቃድ አያወጣም?»

«በምን? ሊብሬ ይከራይ?»

መሐንዲሷ በሲኦሲ የሙያ ምዘና አለ አለቻቸው፤ ግንበኛም አናጺም ፌራዮም ተፈትኖ በየደረጃው ወረቀት ያገኛል። ፎርማኑ ይህን ያውቁታል። ተፈታኙን የፈተነው ልጅ ቱንቢውን በግራ እጁ እንደያዘ አይተው ከዚያ ወዲህ አልተጠጉም። ይህ ግን የሽማግሌ ኩራት ነው፤ ምዘናው ለብዙ ወጣት የመጀመሪያው ወረቀት ሆኗል። ችግሩ ያ ወረቀት ከተቋራጭነቱ መሰላል ጋር አለመገናኘቱ ነው። ሃያ ዓመት የገነባ ሰው በግንበኝነት የፈለገውን ያህል ቢመዘን የተቋራጭነት ደረጃ 10 አያሰጠውም።

እዚህ ላይ ወሬው ወደ ሕጉ ዞረ፤ መሐንዲሷ ሞቅ ያለችውም ያኔ ነው።

«በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ 624 የሚባለው፣ ሕንፃን በሦስት ነው የመደበው። ከምድር በላይ ፎቅ ሳይኖረው በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ምድብ ሀ። ከዚያ የሚበልጥ ወይም ፎቅ ያለው ምድብ ለ። ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሁሉ ምድብ ሐ። ግን ልብ ይበሉ ጋሼ፤ የሕዝብ መገልገያ ከሆነ ቁመቱ ምንም ይሁን ምን ምድብ ሐ ነው። ያቺ ጤና ኬላ፣ ያቺ አራት ክፍል ትምህርት ቤት በሕጉ ዓይን ከአዲስ አበባ ፎቅ ጋር እኩል ናት።»

«ልክ ነዋ፤ ሕፃን አለባት።»

«እንግዲያው ሠሪውን የምንመርጠው በምንድን ነው? በገንዘቡ መጠን። ጤና ኬላዋ ትንሽ ብር ናት፤ ስለዚህ ለታችኛው ደረጃ ትሰጣለች። ሕንፃውን በሚያደርሰው አደጋ መደብነው፤ ሠሪውን በሀብቱ። ሁለቱ ሕጎች አይተዋወቁም።»

ፎርማኑ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ይህ ነገር አዲስ ሆኖባቸው ነው፤ ሲናገሩም ወደ ሌላ ዘመን ሄዱ።

«ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትት መንገዱን የሠራው ማን ነው? ራሱ። ድንጋይ እየፈነቀለ። ደረጃው ስንት ነበር?»

«ደረጃ 1፤ አንድ ፕሮጀክት ብቻ የሠራ» አለች መሐንዲሷ።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ታሪኩ ግን በዚሁ በደቡብ ወሎ ምድር የተፈጸመ ነው። በጋፋት የተሠራው 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝን መድፍ የጅዳንና የበሽሎን ገደሎች ወርዶና ወጥቶ በመጋቢት 1860 መቅደላ ሲደርስ፣ ተከትለው የደረሱት እንግሊዞች ስለ መንገዱ አሠራር በአድናቆት ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ የመረጡት መስመር፣ የቆረጡት ገደል ይታይ ነበር፤ ሥራው ራሱ ምስክር ሆነ። ፎርማኑ ሊሉ የፈለጉት ይህን ነው።

«እንግዲህ ደረጃውን አፍርሰን ሁሉም እንደ ቴዎድሮስ ይሥራ?» ብላ ጠየቀች።

«ቢፈርስ ምን ይጎድላል?»

ለዚህ መሐንዲሷ መልስ ነበራት፤ መልሱም ከሩቅ አልመጣም። ኬንያ ሕንፃ እየተደረመሰ ሰው ሲያልቅ እ.ኤ.አ. በ2011 ብሔራዊ የኮንስትራክሽን ባለሥልጣን የሚባል በሕግ አቋቋመች፤ ተቋራጮችን ከ1 እስከ 8 መደበች። ከዚያም በኋላ እ.ኤ.አ. በ2016 በናይሮቢ ሁሩማ ሰፈር በደረሰው መደርመስ ወደ 50 የሚጠጋ ሰው ሞቷል። ሕንፃው ለመኖሪያ አደገኛ ተብሎ የተፈረጀ ነበር። «ፈቃድ የሌለው የሠራው ነው የወደቀው» ትላለች። «ስለዚህ መዝገብ ያስፈልጋል።»

«ደግ። የተመዘገበውስ አይወድቅም?»

ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በደቡብ አፍሪካ ጆርጅ ከተማ በግንባታ ላይ የነበረ ባለ አምስት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ተደርምሶ 34 ሠራተኞች ሞቱ። ሥራው በቤት ገንቢዎች ምዝገባ ምክር ቤት የተመዘገበ ነበር፤ ምርመራው ሲካሄድ በራሱ በምዝገባው ሒደት ጉድለት ተገኘ። ማኅተም ግድግዳ አይደግፍም። ቢሆንም ያቺው አገር ለመንግሥት ሥራ የሚወዳደሩ ተቋራጮችን በምትመዝንበት ሌላ ሥርዓት ከእኛ የሚለይ ነገር አላት። ከ1 እስከ 9 በሆነው ደረጃ 9 ትልቁ ነው፤ ወደ ላይ ለመውጣት ከገንዘብ አቅም ጋር የሚመዘነው ከዚህ በፊት ያጠናቀቀው ትልቁ ሥራ ነው። መዝገቡም ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆኖ በኢንተርኔት ይታያል። ምን ማሽን አለህ ከማለት ምን ጨረስህ ማለት ይቀድማል።

«እንዲያ ከሆነ የእህቴ ልጅ ያልፋል» አሉ ፎርማኑ።

«አያልፍም ጋሼ። የጨረሰው በስሙ አይደለማ።»

«እሱን አስቀድመሽ አስተካክዪልኛ!»

ከዚህ በኋላ የተለዋወጡት ነገር የሁለቱም ነው ማለት ይቻላል፤ ማን ምን እንዳለ ለመለየት ያስቸግራል። መሐንዲሷ ያነሣችው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ለሠራው ሥራ ጥንካሬ ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። 10 ዓመት! የንግድ ፈቃዱ ግን በየዓመቱ ይታደሳል። ፈቃድ በሚታደስበት ጠረጴዛ ላይ ባለፉት 10 ዓመታት ያስረከብሃቸው ሕንፃዎች ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ ናቸው የሚል አንድ መስመር ቢጨመር፣ ሕጉ የፈጠረው ዋስትናና መንግሥት የሚሰጠው ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ይገናኛሉ።

«ማን ይጽፈዋል?» አሉ ፎርማኑ። «ባሕር ዳር ያለው ሰው መካነ ሰላም ያለውን ስንጥቅ በምን ያየዋል?»

«እዚህ ያለው ይጽፈዋል። የሚጠቀምበት ይጽፈዋል። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉ እንደሚያፈስ ያውቃል፤ ነርሷ ወለሉ እንደሰመጠ ታውቃለች።»

«ጉቦ ይበላና ጥሩ ነው ብሎ ይጽፋል።»

«ፎቶ ይለጠፍ። መዝገቡ ክፍት ይሁን። ስንጥቁን ሁሉም ይየው።»

«ስሙን ቀይሮ በሌላ ድርጅት ይመጣል።»

ይህኛው ጠንከር ያለ ነው። ሥራ ያበላሸ ድርጅት ተዘግቶ በወንድም ወይም በሚስት ስም ሌላ ይከፈታል፤ አዲሱ ንጹሕ ነው። መሐንዲሷ ጥቂት አሰበችና መዝገቡ በድርጅቱ ስም ብቻ መሆን እንደሌለበት ተቀበለች። ባለቤቱ፣ ሥራውን የመራው መሐንዲስ፣ በቦታው የነበረው ፎርማን፣ በንዑስ ውል የሠራው ሁሉ በየስማቸው ከሕንፃው ጋር ይመዝገቡ። ያኔ ወረቀቱን ያከራየ መሐንዲስ ያላየው ሕንፃ ስንጥቅ በስሙ ይጻፍበታል፤ ኪራዩም ይወደድበታል። የእህታቸው ልጅም የሠራው ይቆጠርለታል። ፎርማኑ በዚህ ተስማሙ፤ በዕድሜያቸው ከቢሮ ሐሳብ ጋር ሲስማሙ የተለመደ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ። መካነ ሰላም ላይ ዋልካ አፈር ያለበትን ቦታ የሚያውቅ፣ ክረምት እንደሚያብጥና በጋ እንደሚሰነጠቅ አውቆ መሠረቱን ጥቁር ድንጋይ እስኪያገኝ የሚያስቆፍር ሰው በጨረታ ነጥብ ይሰጠው አሉ። ከውጭ የመጣው ዲዛይን በአንድ ሜትር ተኩል ያቆማል፤ አፈሩ ግን ዲዛይኑን አላነበበም። መሐንዲሷ ይህ ሐሳብ ለዘመድ አዝማድ በር ይከፍታል ብላ ተቃወመች። የአፈር ምርመራ ሪፖርት ይሻላል፤ ሪፖርቱም ከሥራው በፊት ይምጣ፣ በኋላ ለፋይል ማሟያ ተብሎ ከመጻፍ ይዳን። በዚህ ላይ አልተስማሙም።

የሲሚንቶው መኪና ከሰዓት በኋላ መጣ። ታፔላው ላይ ስሙ ያለው ድርጅት ተወካይ አብሮ አልመጣም፤ ጭነቱን ፈርሞ የተረከበው የእህታቸው ልጅ ነው።

ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሆነ ለራሱ ቤት ውል ሊፈርም የተዘጋጀ አንባቢ ሕጉ እስኪሻሻል መጠበቅ የለበትም። ተቋራጩ የደረጃ ወረቀቱን ሲያሳይ ወረቀቱን ይመልስለትና ሦስት ነገር ይጠይቀው፦ ቢያንስ አምስት ክረምት ያለፈባቸው ሕንፃዎቹ የት እንደሚገኙ፣ በዚህ ሥራ ላይ በየቀኑ የሚገኘው መሐንዲስ ማን እንደሆነ፣ ሥራውን በእጁ የሚሠሩት ሰዎች ስማቸው በውሉ ውስጥ ይገባ እንደሆነ። ከዚያም ሳይፈርም ሄዶ ሕንፃዎቹን ይይ፤ በዝናብ ወቅት ቢሆን ይመረጣል።